እንቅልፍ ያጡ ሴቶች አዳራሽ

ሐጀር የተጠራችው አንዲት ወላድ አገላግላ እጇን ገና እየታጠበች ሳለ ነው። የሕሙማን ቤቱ በረኛ ሲሮጥ ስለመጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ቃዲው ቶሎ ትምጣ ብለዋል፣ እመት።»

«ማን ሞተ?»

«እንቅልፍ ካጡት ሴቶች አንዷ።»

«በምን?»

«በእንቅልፍ።»

ሐጀር ቀና ብላ አየችው። በረኛው የቀልድ ፊት አልነበረውም።

ካይሮ ውስጥ የሴት ገላ ምስክር ሲያስፈልግ የሚላክባት እሷ ናት። ወልዳለች ወይስ አልወለደችም፣ ተመታለች ወይስ ወድቃ ነው፣ ታማ ሞተች ወይስ ተገድላ፤ ቃዲው ራሱ ገልጦ ማየት ስለማይችል በእሷ ዓይን ያያል። ሃያ ዓመት አዋልዳለች። ብዙ ሰው አይወዳትም፤ የጀመረውን ንግግር ሳይጨርስ እሷ ትጨርስለታለችና።

በረኛው መንገድ ላይ የሚያውቀውን ነገራት። ከቀትር ሶላት በኋላ ተረት ነጋሪዋ ቡልቡል እንደ ልማዷ ለሕሙማኑ የገብስ ውኃ ቀድታ ተረቷን ጀመረች። እሱ በሩ ላይ ነበር፤ የገባም የወጣም የለም። ተሲያት ላይ ለአስር ሶላት ሲጠራ ሐኪሙ በአዳራሹ በኩል አለፈ፤ ጸጥታው ገርሞት ገባ። እንቅልፍ አጥተው የመጡትም፣ ሊያስተኟቸው የተቀጠሩትም፣ አራት ሴቶች በያሉበት ተዘርረዋል። ሦስቱን በስንት ጭንቅ ቀሰቀሷቸው። አራተኛዋ፣ ኑዳር የምትባለው መበለት፣ አልነቃችም። ከቡልቡል ሻሽ ጫፍ ላይ የተቋጠረ አፍዩን የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘ።

«የከተማው ሹም ዘበኛ ልኳል» አለ በረኛው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ሬሳው ለቀብር ሲወጣ ቡልቡልም ወደ እስር ቤት ትወጣለች።»

«ከዚያስ?» አለች ሐጀር፣ ብታውቀውም።

«ከዚያማ ዙወይላ በር ነው።» በእጁ አንገቱን ነካ።

ሐኪም ሰዲድ አዳራሹ በር ላይ ጠበቃት። ቀጭን፣ ንጹሕ ለባሽ ሰው ነው፤ ሲናገር ተማሪ ፊቱ የተቀመጠ ይመስለዋል።

«አፍዩን ነው፣ ጥርጥር የለውም። ማሰሮውን ቀምሼዋለሁ፤ ምሬቱን በማር ሸፍነውታል። የሁሉም የዓይን ብሌን የሰሊጥ ፍሬ አክሏል። አፍዩን በአራተኛ ደረጃ ቀዝቃዛ ነው፣ አንጎልን ያረጋል። ኑዳር ደካማ ስለነበረች ቅዝቃዜው ልቧ ድረስ ወረደ።»

«አራቱም ከአንድ ማሰሮ ጠጥተው አንዷ ብቻ?»

«ደካማ ነበረች አልኩ እኮ።»

«አሮጊቷን ሱተይታን ንፋስ ይወስዳታል። እሷ ተርፋ ይቺ ትሞታለች?»

ሐጀር መልሱን ሳትጠብቅ ገባች።

አዳራሹ መሃል ከተንጠለጠለ እንስራ ውኃ በመዳብ ሳህን ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እንቅልፍ እንዲጠራ በሐኪም የታዘዘ ድምፅ ነው። ሐጀር እንስራውን አስወረደችው። ኑዳር በቀኝ ጎኗ ተኝታለች፤ አንድ እጇ ጉንጯ ሥር ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሐጀር ተንበርክካ የዓይኗን ቆብ ገለጠች። ብሌኑ ጠቧል፤ ነጩ ላይ ግን በመርፌ ጫፍ የተነካ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ተበትኗል። የታችኛውን ከንፈር ገለበጠችው፤ ውስጡ በገዛ ጥርሷ ተበልቷል። ከአፍንጫዋ ቀዳዳ አንዲት ሰማያዊ የሱፍ ክር ሳበች። ከዚያ ከራስጌዋ ያለውን ሰማያዊ ትራስ አውጥታ ገለበጠችው። ከሥር በኩል ባለው ፊቱ ላይ በምራቅ የተዥጎረጎረ የደም እድፍ አለ።

«ሐኪም፣ አፍዩን ከንፈር ይነክሳል?»

ሰዲድ ጎንበስ አለና ቶሎ ቀና አለ።

«እንቅልፍ ጥሏት ልጇ ላይ የተገላበጠች እናት ቤት ስንቴ ተጠርቻለሁ» አለች ሐጀር። «የሕፃናቱ ዓይን ልክ እንዲህ ነው። አፍዩኑ አስተኝቷታል። የገደላት ትራሱ ነው።»

«ሁሉም ተኝተው ሳለ ማን ትራስ ይይዛል?»

«ያልተኛችው።»

መጀመሪያ ሱተይታን ያዘቻት። አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ሁለት ዓመት ዓይኔን ሳልከድን ኖሬ፣ ዛሬ እንቅልፍ ባገኝ ሰው ሞተ። እድሌን እይው፣ ልጄ።»

«ያልጠጣች ነበረች?»

«የለችም። እኔ እንቅልፍ የለኝ፣ ጥርስ የለኝ፣ ሰው ከማየት ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ኑዳር ጠጣች። ቡልቡልም ጠጣች። አስታማሚዋ ሸቅራ እስከ አተላው ገለበጠችው። እኔ ደግሞ ጣፈጠኝና ደገምኩ።»

«ማሰሮው የት ነበር?»

«ከጧት ጀምሮ መስኮቱ ላይ፣ እንዲቀዘቅዝ። ያላለፈ የለም በዚያ።»

«ተረቱን የት ድረስ ሰማሽ?»

«ሰው ሞቶ ተረት ትጠይቂኛለሽ?»

«የት ድረስ?»

«አንድ ዓይነ ስውር ቀዛፊ አለ። መንገደኛ ያሳፍራል። መቅዘፊያውን ሲያነሳ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ሐኪሙ በጥፊ ሲያጮለኝ ነው የነቃሁት። እጁ ደግሞ አይጣል ነው።»

«ኑዳርን የሚጠላት ማን ነው?»

«ከቡልቡል ጋር ባለፈው ሳምንት ተጣልታለች። ‹ተረትሽ ሰው ያስተኛል፣ ዝም በይ› አለቻት። ለማስተኛት እኮ ነው የምትከፈለው ምስኪኗ። ሸቅራን ግን ኑዳር ትወዳታለች። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ አስቀምጣ ስታንሾካሹክ ነው የምታድረው። ምን እንደምትላት አልሰማም፤ ጆሮዬም እንደ ጥርሴ ነው።»

ሸቅራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ደልዳላ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ግን የአሮጊት ነው፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ቅርንፉድ ታኝካለች። ሐጀር የልብ ምቷን ለማየት ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ በጥቃቅን ቁስል ተነቁጧል፤ ያረጀም ያልደረቀም አለው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቁንጫ ነው።»

«በረድፍ የሚነክስ ቁንጫ?»

ሸቅራ እጅጌዋን መለሰች። ሐጀር አልገፋችም።

«ቅርንፉዱስ?»

«ሆዴን ነፍቶኛል።» ሸቅራ በእጇ ጀርባ አፏን ሸፍና አገሳች። ሐጀር ከቅርንፉዱ ሥር ሌላ ሽታ መታት፤ ዝባድ የሚመስል ግን የተቃጠለ ቆዳ ያለበት። ፊቷን አልቀየረችም።

«ምን አየሽ?»

«ምን አያለሁ፣ እመት? እንደ ሌሎቹ ጠጣሁ፣ እንደ ሌሎቹ ተኛሁ።»

«ተረቱስ? የት ድረስ ሰማሽው?»

«ተረት ነው እንዴ እሱ? መጨረሻም የለው። ቀዛፊው እጁን ዘርግቶ የመንገደኛውን ፊት ሲዳስስ ብላ እዚያው ላይ ዝም አለች።»

«ዝም አለች?»

«አዎ። በቃ።»

ሐጀር አመሰገነቻትና ወጣች።

ቡልቡል በረንዳው ላይ እጇን ታስራ በዘበኛው እግር ሥር ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት በሁለት በኩል ርሷል። ሐጀር አየችው።

«ልጅሽ ስንት ወሩ ነው?»

«አራት። ጎረቤት ጋ ነች። ከቀትር ጀምሮ አልጠባችም።» ቡልቡል በአገጯ ወደ ዘበኛው ጠቆመች። «እስር ቤት ልጅ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«እሱን ጠይቂው።»

ዘበኛው ወደ ሌላ በኩል ዞረ።

«ተረቱን የት አደረስሽው?» አለች ሐጀር።

«ጀልባዋን ወንዙ መሃል አድርሻታለሁ። መንገደኛው ተሳፍሮ ሳለ ጀልባዋ እንዳልከበደች ቀዛፊው ያውቃል። ከዚያ ፊቱን እንዲዳስሰው ነበር ያሰብኩት። ማለቴን ግን አላስታውስም።»

«ከዚህ በፊት ለማን ነግረሽዋል?»

«ለማንም። ዛሬ ጧት ስመጣ መንገድ ላይ የፈጠርኩት ነው። ኑዳር የድሮዎቹ ሁሉ ያስተኛሉ ስላለች፣ የሚያስፈራ ላምጣላት ብዬ ነው።»

«ማታ ማታ የት ታድሪያለሽ?»

«ቤቴ ነዋ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሄዳለሁ። ልጅ አለችኝ እኮ።»

ሐጀር ከሻሿ የተገኘውን አፍዩን ከዘበኛው ተቀብላ ወደ ሐኪሙ ተመለሰች። ሽምብራ የሚያክል እንክብል ነው።

«የእርስዎ ነው?»

ሰዲድ ወደ ብርሃኑ ያዘው። «የእኔ ነው። ለኑዳር በየሌሊቱ አንድ አዝዤላታለሁ። የሚገርመው አልሠራም። አርባ ሌሊት ሙሉ። መጠኑን ሁለቴ ጨመርኩ። የአንጎሏ ድርቀት ከገመትኩት በላይ ነው።»

«ከላይ ምን ይቀቡታል?»

«ዛፍራን፣ ቢጫውን ቅመም። የአፍዩንን ክፋት ትንሽ ያርማል።»

«የዚህስ ዛፍራኑ የት ሄደ?»

ሐኪሙ እንክብሉን አገላበጠው። ቢጫው በአንድ በኩል ታጥቦ ነጥቷል፤ በሌላው በኩል የምላስ ቅርጽ ይዞ ደርቋል።

«አፍ ገብቶ ወጥቷል» አለ በቀስታ።

«የአፍዩንን ክፋት በደንብ የሚያርመውስ ምንድነው?»

«እሱንማ ማን የማያውቅ አለ? ከሰሜን የሚመጣው የወንዝ አውሬ ዕጢ ነው። ሙቀቱ የአፍዩንን ቅዝቃዜ ይሰብራል። ዕጢው የአፍዩን ጌታ ነው፤ ለአስታማሚዎቼም የማስተምረው ይህንኑ ነው።»

«በዚህ አዳራሽ መጨረሻ ያዘዙት መቼ ነው?»

«ከአርባ ቀን በፊት ገደማ። ሚስካ የምትባል ልጅ የእንቅልፍ በሽታ ይዟት ነበር፤ ርጥበቱ አንጎሏን አጥለቅልቆት። ከተኛች ስለማትነቃ ሌት ተቀን እንዳትተኛ አዘዝኩ። ዕጢ ማሽተት፣ ኮምጣጤ፣ ጸጉር መጎተት። በሦስተኛው ሌሊት ሞተች።»

«ማን ነበር የሚጠብቃት?»

«ሸቅራ።»

«ከማን ጋር እየተፈራረቀች?»

ሐኪሙ አሰበ። «ብቻዋን።»

ሐጀር ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳ አጣቢዎቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ዘበኛው ቡልቡልን በገመዱ እየመራ አስገባት። ኑዳር በነጭ ጨርቅ ተሸፍናለች።

«ፀሐይዋ እየሄደች ነው፤ ስለዚህ አላስረዝምም» አለች ሐጀር። «ኑዳር ታፍና ነው የሞተችው። በሩን በረኛው ይጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ ያፈነቻት እዚህ ከነበሩት ሦስቱ አንዷ ናት። ሦስቱም ጠጥተዋል፣ ሱተይታ አይታለች። ሦስቱም ተኝተው ተገኝተዋል፣ ሐኪሙ አይቷል። ጥያቄው መጨረሻ ላይ የተኛችው ማን ናት ነው።»

«ይሄን ማን ሊያውቅ?» አለ ዘበኛው።

«ተረቱ። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ተረቱ የት እንደቆመ አያውቅም፤ እሱ የት እንደቆመ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሱተይታ መቅዘፊያው ሲነሳ ድረስ ሰምታለች። ቡልቡል፣ ተራኪዋ ራሷ፣ የመጨረሻ ቃሏን አታስታውስም። አንዷ ግን ‹ፊቱን ሲዳስስ ብላ ዝም አለች› አለችኝ። ዝምታውን ለመስማት ከተራኪዋ በኋላ ነቅቶ መቆየት ያስፈልጋል።»

ሁሉም ወደ ሸቅራ ዞሩ። ሸቅራ ማኘኳን አላቆመችም።

«ተረቱን ድሮ ሰምቼው ይሆናል» አለች።

«ዛሬ ጧት ነው የፈጠርኩት» አለች ቡልቡል።

ዘበኛው ሳቅ አለ። «በተረት ሰው ይሰቀላል?»

«አንተስ ተረት ነጋሪዋን ልትሰቅል አልነበረም የመጣኸው? ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ሐጀር ወደ ሸቅራ ቀረበች። «ቅርንፉዱ የዕጢውን ሽታ አልሸፈነልሽም። ማኅፀናቸው ታፍኖ ለሚወድቁ ሴቶች ያንን ዕጢ ሃያ ዓመት በጣቴ ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። እዚህ ቤት ሁሉም የገብስ ውኃ የሚጠጣ መስሎት ነበር። የገብስ ውኃ ማርከሻ አይፈልግም። ማርከሻውን ቀድማ የዋጠች ሴት ማሰሮው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች። ለሚስካ ከታዘዘው የተረፈውን ነው የዋጥሽው።»

«ዕጢውን ከዋጠች መተኛት አልነበረባትም» አለ ሰዲድ፣ ሳያስበው።

«እሷም እንዲያ ነበር ያሰበችው፤ የሰማችው ከእርስዎ ነው። ዕጢው ቢሠራላት ኖሮ እርስዎ ሲገቡ የተኛች መስላ ትጋደም ነበር። ዕጢው ግን እንቅልፉን አዘገየው እንጂ አላስቀረላትም፤ አላስመሰለችም፣ የእውነት ተኛች።» ከዚያ እንክብሉን በመዳፏ አሳየች። «ይሄ የኑዳር አፍ ገብቶ የተተፋ ነው። የሚሰጠው ሌሊት ነው። ቡልቡል ሌሊት እዚህ አታድርም። ኑዳር የምትተፋውን የሚቀበል እጅ አንድ ብቻ ነበር፤ ሌሊት አጠገቧ የምታድሪው የአንቺ። ሌሎቹን ማሰሮው ውስጥ አሟሟሽ፤ አንዱን ቡልቡል ሻሽ ላይ ቋጠርሽ። ሌሊት ብትገድያት አንቺ ብቻ ነሽ ነቅተሽ የምትገኚው። ቀትር ላይ ግን የምትከሰስ ሌላ አለች።»

ሸቅራ ቅርንፉዱን መዳፏ ላይ ተፋችው።

«ሚስካን ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ጠበቅኳት» አለች። «ጎተትኳት፣ አሸተትኳት፣ ዘፈንኩላት። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳውን ተደገፍኩ፤ ይኸው ነው ያደረግኩት። ስነቃ ገላዋ በርዷል። ኑዳር አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ለምን አልቀሰቀስሽኝም አልኳት። ‹እኔንም የቀሰቀሰኝ የለም› አለችኝ።»

«ምን ማለቷ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ተኝታ ልጇ ላይ ተገላብጣ ነው የገደለችው። ለእርስዎ አልነገረችም፤ እርስዎም ስለ ሆዷ ብቻ ነበር የሚጠይቋት። ከዚያ በኋላ መተኛት አልፈለገችም። እንክብሉን እጄ ላይ እየተፋች ‹ጣዪው› ትለኛለች። እኔም እንዳልተኛ ከለከለችኝ። ከተኛሽ ልጅቷን ተኝተሽ እንደገደልሻት ለሐኪሙ እነግራለሁ አለች። አንገቴ ዘንበል ሲል በመርፌ ትወጋኛለች። ቀን ሥራ አለብኝ፤ ሌሊት እሷ አለች። አርባ ሌሊት።»

«ለእኔ ብትነግሪኝስ?» አለ ሰዲድ።

«ምን ልበልዎ? ተኛሁ?»

ሐጀር ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ለሚስካ እንቅልፍን ሲከለክሉ ለእሷም ከለከሉ» አለችው ሐጀር። «ተለዋጭ አላዘዙም። ይህንንም ለቃዲው እናገራለሁ።»

ከዚያ ወደ ሸቅራ ተመለሰች። «ቡልቡል ልጅ እንዳላት ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሻሿ ላይ ስትቋጥሪውም ታውቂ ነበር።»

«አዎ» አለች ሸቅራ። «መተኛት ነበር የምፈልገው። ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም ነበር።»

ዘበኛው የቡልቡልን ገመድ ፈታ። ሐጀር ቡልቡልን በክንዷ ይዛ ወደ በሩ አደረሰቻት።

«ዛሬ ያለብሽን ወተት አልቢና ድፊው፤ አፍዩን አለበት። ልጅሽን እስከ ነገ ጎረቤትሽ ጡት ታጥባት። ሂጂ አሁን።»

ቡልቡል ሮጠች። አጣቢዎቹ ገቡ። ዘበኛው ገመዱን ይዞ ሸቅራ ፊት ቆመ፤ እሷም ሳይጠይቃት ሁለት እጇን ዘረጋችለት።

«እስር ቤቱ ውስጥ» አለች፣ «ሌሊት ሰው ይቀሰቅሳሉ?»

ዘበኛው ቋጠሮውን እያጠበቀ ትከሻውን ሰበቀ። «ማን ምን ብሎ ይቀሰቅስሻል? ስምሽ እስኪጠራ ድረስ ዞር ብሎ የሚያይሽም የለም።»

«እንግዲያው እንሂድ» አለች ሸቅራ፤ ገመዱን እየሳበችም ከእሱ ቀድማ ወደ በሩ ተራመደች።